ኢልያ ሜችኒኮፍና የአንጀት ነዋሪዎች

በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ብዛት ከሰውነቱ ሕዋሳት ቁጥር ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ዛሬ ታውቋል። በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ስሌት በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ እንደሚገኝና አብዛኛውም በደንዳኔ ውስጥ እንደሚኖር ያስረዳል። ይህን የሚያህል ሕዝብ በውስጡ ይዞ የሚዞር ሰው፣ ነዋሪዎቹ ለጤንነቱ ይጠቅሙ ወይም ይጎዱ እንደሆነ፣ ስብጥራቸውንም በምግብ አማካይነት ሊለውጠው ይችል እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውን በቤተ ሙከራ ደረጃ አንሥተው ከተከራከሩት ሊቃውንት መካከል ስሙ በቀደምትነት የሚጠራው ሩስያዊው ኢልያ ኢሊች ሜችኒኮፍ ነው። ዛሬ ፕሮባዮቲክ በሚል ስም የሚታወቀው ዘርፍም ትውልዱን የሚቆጥረው ከእርሱ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሜችኒኮፍ በ1845 ዓ.ም. በሜይ ወር፣ ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር በካርኮቭ አውራጃ ተወለደ። ለቤቱ አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ በንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ ጦር ያገለገለ መኮንን ሲሆን፣ እናቱ ደግሞ ትውልዷ ከአይሁድ ወገን ነበር። ገና በልጅነቱ ስለ ዕፀዋት ያነበበውን ለወንድሞቹና ለመንደሩ ልጆች ለማስተማር ከመጓጓቱ የተነሣ፣ ተቀምጠው እንዲያዳምጡት ከኪሱ ሣንቲም ይከፍላቸው እንደነበር ይነገራል። በካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በሁለት ዓመት አጠናቆ በ1864 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችና በኢጣልያ በናፖሊ ባሕር ዳርቻ አከርካሪ የሌላቸውን ትናንሽ እንስሳት ሲመረምር ቆየ። በ1865 ዓ.ም. በጊሰን ከተማ ሳለ፣ አንድ ጠፍጣፋ ትል ምግቡን የሚፈጨው በሕዋሳቱ ውስጥ አስገብቶ መሆኑን አስተዋለ። በጊዜው ብዙም ያልተነገረለት ይህ ምልከታ ከ17 ዓመታት በኋላ ለታላቁ ግኝቱ መነሻ ሆነው።

የወጣትነት ዘመኑ ግን በኀዘን የተሞላ ነበር። በ1869 ዓ.ም. ያገባት ሉድሚላ በሳንባ ነቀርሳ እጅግ ከመድከሟ የተነሣ ወደ ሠርጓ ሥነ ሥርዓት የተወሰደችው በወንበር ተይዛ ነበር። ለአራት ዓመታት ያህል ሞቃት አየር ፍለጋ ከአገር አገር ይዟት ቢንከራተትም በ1873 ዓ.ም. በማዴራ ደሴት ዐረፈች። ሜችኒኮፍ በምሬት ተሞልቶ ሞርፊን ጠጣ። የወሰደው መጠን ከልክ በማለፉ ግን አስመለሰውና ከሞት ተረፈ። በ1875 ዓ.ም. ኦልጋ ቤሎኮፒቶቫን አገባ። እርሷም በ1880 ዓ.ም. በታይፎይድ ክፉኛ ስትታመም ድሮ የነበረው ተስፋ መቁረጥ ተመልሶ ያዘው። በተከታዩ ዓመት፣ በሽታው በደም ይተላለፍ እንደሆነ ለማወቅ በሚል፣ የግርሻ ሕመምተኛ ደም በገዛ ሰውነቱ ውስጥ አስገባ። በጽኑ ታሞ ዳነ። ሞትን ፍለጋ እንኳ ቢሆን ድርጊቱን በሙከራ መልክ ማዘጋጀቱ የጠባዩን ምንነት ያሳያል። በገዛ ሰውነት ላይ የመሞከሩም ልማድ ኋላ ወደ አንጀት ጥናት የሚያገባው በር ነው።

በዚህ ጊዜ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበር። በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 2ኛ ከተገደሉ ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ የወረደው የፖለቲካ ጫና አላስቀምጥ ስላለው በ1882 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀና ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ ወደ ሜሲና ከተማ ሄደ። በዚያው ክረምት ቤተሰቡ የሰርከስ ትርኢት ለማየት በወጣበት አንድ ቀን ብቻውን ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀርቶ የባሕር ኮከብ እጮችን ይመለከት ነበር። እጮቹ እንደ ብርጭቆ የጠሩ በመሆናቸው በውስጣቸው የሚዘዋወሩት ሕዋሳት ይታያሉ። እነዚህ ተዘዋዋሪ ሕዋሳት ምግብ መፍጨት ብቻ ሳይሆን ከውጭ የገባን ባዕድ ነገር መመከትም ሥራቸው ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ መጣለት። ወዲያውም ከአትክልቱ ሥፍራ የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ በእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። በማግሥቱ ጠዋት ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት ተገኙ።

የበሽታ መከላከል ትምህርት አንደኛው ክንፍ የቆመው በዚህ ሙከራ ላይ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከግሪክኛ በተወሰደ ቃል ፋጎሳይት፣ በአማርኛ በላዒ ሕዋስ፣ ተባሉ። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ የውኃ ቁንጫ በምትባለው ትንሽ ፍጥረት ውስጥ የገቡ የእርሾ ዘሮች በእነዚሁ ሕዋሳት ሲዋጡ፣ ሕዋሳቱ ከተሸነፉ ግን እንስሳዋ ስትሞት አሳየ። ጀርመናውያን የባክቴሪያ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ቤሪንግና ኪታሳቶ በ1890 ዓ.ም. የቴታነስንና የዲፍቴሪያን መርዝ የሚያከሽፈው በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለ ኃይል መሆኑን ካሳዩ በኋላ ሙግቱ ከረረ። ሁለቱም ወገን የየራሱን እውነት ይዞ ነበር የሚከራከረው። በ1903 ዓ.ም. እንግሊዛዊው አልምሮዝ ራይት በደም ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ባክቴሪያውን ለበላዒ ሕዋሳት እንደሚያመቻቹት በማሳየቱ ሁለቱ አስተሳሰቦች ተገናኙ። የ1908ቱ የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና ለተቃራኒው ወገን ሊቅ ለፓውል ኤርሊኽ በጋራ መሰጠቱ ይህንኑ ያረጋገጠ ይመስላል።

በመካከሉ ሜችኒኮፍ ወደ ኦዴሳ ተመልሶ በ1886 ዓ.ም. የባክቴሪያ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ነበር። የሕክምና ዲግሪ ስላልነበረው የከተማው ሐኪሞች ይቃወሙት ነበር። በ1888 ዓ.ም. እርሱ በሌለበት ረዳቶቹ የሰጡት የአባሰንጋ ክትባት ብዙ ሺህ በጎችን ስለፈጀ ከዚያ በላይ መቆየት አልቻለም። ሉዊ ፓስተር በዚያው ዓመት በፓሪስ በተከፈተው ተቋሙ ውስጥ ቤተ ሙከራ ሰጠው። ሜችኒኮፍም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ለ28 ዓመታት ያህል፣ በዚያ ሠራ።

በ1892 ዓ.ም. ኮሌራ ፈረንሳይ ገባ። የኮሌራን ባክቴሪያ ኮኽ ለይቶ ካሳወቀ ወደ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ሆኖም ሊቃውንቱ በአንድ ነገር ግራ ተጋብተው ነበር። ባክቴሪያው የበሽታው ምክንያት ከሆነ፣ አንዱን ውኃ ከጠጡት ሰዎች መካከል አንዳንዱ የሚሞትበት፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ሜችኒኮፍ ራሱ ያደገውን የኮሌራ ባክቴሪያ ጠጣ። አልታመመም። ከተባባሪዎቹ አንዱ በፈቃደኝነት ጠጣ፤ እርሱም ደኅና ሆነ። ሌላው ወጣት ፈቃደኛ ግን ታሞ ከሞት አፋፍ ደረሰ። ይህን የመሰለ ሙከራ ዛሬ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም፤ መፍቀድም አይገባውም። ያም ሆኖ ከውጤቱ የወጣው ሐሳብ ታላቅ ነበር። ሜችኒኮፍ ልዩነቱን የፈለገው በባክቴሪያው ሳይሆን ባክቴሪያው በሚያርፍበት ሥፍራ ነው። ከሰው ሆድና አንጀት የተገኙ ልዩ ልዩ ተሕዋስያንን ከኮሌራው ጋር በአንድ ሳሕን ሲያበቅል፣ አንዳንዶቹ እድገቱን ሲያግዙት ሌሎቹ ሲያግዱት አየ። ገና ወተት በሚጠቡ የጥንቸል ግልገሎችም ላይ የኮሌራን በሽታ ለማስነሣት ቻለ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ጠላት የሚገባው ወደ ባዶ ቤት ሳይሆን ነዋሪ ወዳለበት ቤት ነው፤ በሽታው የሚነሣው ወይም የሚቀረውም እንደ ነዋሪዎቹ ዓይነት ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ።

ሳይንሱ በዚህ መንገድ ቀጥሎ ቢሆን መልካም ነበር። ሜችኒኮፍ ግን ዕድሜው ወደ ስድሳ ሲጠጋ ሐሳቡ በእርጅና ላይ አረፈ። በ1903 ዓ.ም. ባሳተመው የሰውን ተፈጥሮ በሚመለከተው መጽሐፉና በ1907 ዓ.ም. ባወጣው ስለ ዕድሜ መራዘም በሚናገረው ሥራው፣ ደንዳኔ ለሰው ልጅ የማይጠቅም የጥንት ቅሪት ነው፤ በውስጡ የሚበሰብሰው ምግብ ፌኖልና ኢንዶል የመሳሰሉ መርዞችን ወደ ደም እየለቀቀ የደም ሥሮችን ያደርቃል፤ ሰውም ያለ ጊዜው የሚያረጀው በዚህ ነው ሲል አስተማረ። መድኃኒቱንም ከጓዳ አመጣው። ወተት ሲረጋ የሚፈጠረው የላክቲክ አሲድ ብስበሳን እንደሚከላከል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። እንግዲያውስ ይህን አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች በአንጀት ውስጥ ቢሠፍሩ የብስበሳ ባክቴሪያዎችን ያስወግዳሉ ሲል አሰበ። ቡልጋሪያዊው ስታመን ግሪጎሮፍ በ1905 ዓ.ም. በጄኔቭ ከአገሩ እርጎ የለየው ባክቴሪያ ከፍተኛ አሲድ የሚሠራ ሆኖ በመገኘቱ ሜችኒኮፍ በእርሱ ላይ ተስፋውን ጣለ። የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩት እርጎ ስለሚያዘወትሩ ነው የሚለውንም ወሬ ለማስረጃ ጠቀሰ።

የዚህ ክርክር ድክመት ለማንም የሚሰወር አይደለም። በገጠር የሚኖር ሽማግሌ ዕድሜው በመዝገብ ሳይሆን በቃል የሚቆጠር ሲሆን ስሌቱ ሁሉ ይናጋል። በደንብ ቢቆጠር እንኳ ገበሬው ከእርጎው ሌላ ብዙ የኑሮ ልዩነት አለው። ስለ ባሕር ኮከብ እጭ ሲመራመር እሾህ ሰክቶ እስኪነጋ የጠበቀው ሰው፣ ስለ ሰው ዕድሜ ሲናገር ይህን የመሰለ ትዕግሥት አላሳየም። ሆኖም ለፍትሕ ሲባል መጠቀስ የሚገባው፣ ምክሩ ከስሙ በኋላ እንደ ተነገረው ያለ ልቅ አለመሆኑ ነው። ወተቱ አስቀድሞ እንዲፈላ፣ ከዚያም ተለይቶ በታወቀ ንጹሕ ዘር እንዲረጋ አጥብቆ ያሳስብ ነበር፤ ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ሌላ በሽታን እንደሚያመጣ ያውቅ ነበርና። በዚያው ዘመን የሎንዶኑ ቀዶ ሐኪም አርበትኖት ሌይን የሆድ ድርቀት ያለባቸውን ሰዎች ደንዳኔ ቆርጦ እስከማውጣት ሲደርስ፣ ሜችኒኮፍ የመረጠው መንገድ የወተት ሳሕን ነበር።

ጋዜጦች ግን መጠንቀቁን ትተው ተስፋውን ብቻ አነሡ። በፓሪስ፣ በሎንዶንና በኒውዮርክ የእርጎ ዘር በእንክብልና በጠርሙስ እየታሸገ፣ አንዳንዴም የፕሮፌሰሩ ስም እየታከለበት ይሸጥ ጀመር። አይዛክ ካራሶ በ1919 ዓ.ም. በባርሴሎና የዳኖንን ድርጅት ሲያቋቁም ከፓስተር ኢንስቲቱት በመጣ ዘር ያረጋውን እርጎ የሸጠው በመድኃኒት ቤቶች ነበር። ዛሬ በየከተማው መደብር የሚደረደረው የእርጎ ብልቃጥ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሜችኒኮፍ በዚያው ጊዜ ሌላም ሥራ ነበረው። በ1903 ዓ.ም. ከኤሚል ሩ ጋር ሆኖ ቂጥኝን ወደ ቺምፓንዚ ለማስተላለፍ ቻለ። በ1909 ዓ.ም. ለኖቤል ሽልማቱ ስዊድን ሄዶ ሲመለስ በሩስያ ከሌቭ ቶልስቶይ ጋር ተገናኘ። በ1911 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳን ለማጥናት ወደ ካልሙክ ሜዳዎች ተጓዘ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን ቤተ ሙከራው ባዶ ቀረ፤ ወጣቶቹ ተባባሪዎቹ ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ። ለረጅም ዓመታት በየዕለቱ የረጋ ወተት ሲጠጣ የኖረው ሊቅ በ1916 ዓ.ም. በጁላይ ወር፣ በ71 ዓመቱ፣ በልብ ሕመም ፓሪስ ላይ ዐረፈ። ከመሞቱ በፊት አስከሬኑን የሚመረምረው ባልደረባው አንጀቱን በደንብ እንዲያይለት አደራ ብሎ ነበር። መቶ ዓመት ይኖራል ብለው የጠበቁት ደጋፊዎቹ ማዘናቸውና ተቃዋሚዎቹ መዘባበታቸው አልቀረም። የአንድ ሰው ዕድሜ ግን ሐሳቡን ለማጽደቅም ሆነ ለመሻር በቂ ማስረጃ አይደለም። በሐሳቡ ላይ የተፈረደው ከሞቱ በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ነው።

ፍርዱም ሁለት ዓይነት ሆነ። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሬትገርና ቼፕሊን በ1921 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ እንደማይሠፍር አሳዩ፤ በሆድ በኩል ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። ደንዳኔም የማይረባ አካል አይደለም። ሰው ሊፈጨው ያልቻለውን የአትክልትና የእህል ቃጫ በዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አብላልተው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ ቀላል አሲዶችን ይሠራሉ፤ ከእነዚህም ቡቲሬት ለደንዳኔ ግድግዳ ሕዋሳት ዋነኛ ነዳጅ ነው። ያለ አንዳች ባክቴሪያ በንጹሕ ሣጥን የሚያድጉ አይጦች የመከላከል ኃይላቸው ሳይጎለምስ ይቀራል። ሜችኒኮፍ እንደ መርዝ ማጠራቀሚያ የቆጠረው ቦታ እንደ ማብላያ ጋን ያለ የሥራ ቦታ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ኮሌራው የተናገረው ግን ጸና። በ1954 ዓ.ም. ቦንሆፍና ባልደረቦቹ በአሜሪካ እንዳሳዩት፣ ጤነኛ አይጥን በሳልሞኔላ ለመለከፍ ወደ 100,000 የሚጠጉ ባክቴሪያዎች የሚያስፈልጉ ሲሆን፣ አይጡ አስቀድሞ ስትሬፕቶማይሲን ወስዶ የአንጀቱ ነዋሪዎች ከተመናመኑ ግን ከአሥር ያነሱ ይበቁታል። መድኃኒቱ ጠላቱን አላጠናከረውም፤ ቤቱን አስለቅቆ ሰጠው እንጂ። ነዋሪዎቹ መንገድ የሚዘጉበትን ስልት ለመረዳት የተደረገው ምርምርም የሜችኒኮፍን ግምት እያሰፋው ሄዷል። ነዋሪዎቹ ምግቡንና መጣበቂያውን ቦታ ይሻማሉ። አንዳንዶቹ አሲድ እየሠሩ አካባቢውን ለባዕድ የማይመች ያደርጉታል፤ አንዳንዶቹም ተቀናቃኝን የሚገድል ፕሮቲን ያመነጫሉ። የአንጀቱን ግድግዳ የሚያጠነክሩና የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቁም አሉ። በ2011 ዓ.ም. የጃፓን ተመራማሪዎች ቢፊዶባክቴሪያ የሚሠራው አሴቴት አይጦችን ከገዳይ የኢ. ኮላይ ዝርያ እንደሚያድን አሳይተዋል። የቢፊዶባክቴሪያ ዘርም ከጡት በሚጠቡ ሕፃናት ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በዚያው በፓስተር ኢንስቲቱት፣ በሄንሪ ቲሲየ እጅ ነበር።

ታዲያ በአፍ የሚሰጥ ባክቴሪያ በሽታን ይከላከላል ወይ ለሚለው መልሱ እንደ ዘሩ፣ እንደ መጠኑና እንደ በሽታው የሚለያይ ነው። የዓለም የጤናና የምግብ ድርጅቶች ባለሙያዎች በ2001 ዓ.ም. የፕሮባዮቲክን ትርጉም ሲወስኑ፣ ሕያው የሆነ፣ በበቂ መጠን የተሰጠና ለተቀባዩ የጤና ጥቅም የሚያስገኝ ተሕዋስ መሆን አለበት ብለዋል። ይህን መለኪያ በጥብቅ ከያዙት ጥቅሙ በሚገባ የታየባቸው በሽታዎች ጥቂት ናቸው። በሕንድ የኦዲሻ ገጠሮች በ4,556 አራስ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2017 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፣ ላክቶባሲለስ ፕላንታሩም ከስኳር መሰል ምግቡ ጋር የተሰጣቸው ሕፃናት በደም መመረዝ የመያዝ ወይም የመሞት ዕጣቸው ከ9 በመቶ ወደ 5.4 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ለአንድ ርካሽ ዱቄት ይህ ታላቅ ውጤት ነው። በሌላ በኩል በ2018 ዓ.ም. በእስራኤል የቫይዝማን ኢንስቲቱት የተደረገ ጥናት፣ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በኋላ የሚወሰድ ፕሮባዮቲክ የሰውየው የራሱ ነዋሪዎች ወደ ቦታቸው እንዳይመለሱ እንደሚያዘገይ አመለከተ። የአሜሪካ የሆድ ሕመም ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአብዛኞቹ የሆድ ሕመሞች ማስረጃው አነስተኛ መሆኑን ገልጿል። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የዚያው አገር የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተሰጠው ባክቴሪያ ራሱ ከባድ ልክፈት ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል።

በአገራችን ጓዳ የሚረጋው እርጎ በዚህ መለኪያ የት እንደሚቀመጥ ለሚጠይቅ፣ እርጎው የሚረጋው ከቅሉና ከወተቱ በሚመጡ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ስብስብ እንጂ በአንድ የታወቀ ዘር አለመሆኑን ማስታወስ ያሻል። ምግብነቱ የማይካድ ነው፤ ላክቲክ አሲዱም ወተቱን ከመበላሸት ይጠብቀዋል። መድኃኒት ለማለት ግን የዘሩ ማንነትና መጠኑ መታወቅ ይኖርበታል። የቡልጋሪያው ባክቴሪያ እንኳ በአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2010 ዓ.ም. የታመነለት ጥቅም ከእርጎው ሁለተኛ ባክቴሪያ ጋር ሆኖ የወተት ስኳር የማይስማማቸውን ሰዎች ለመርዳቱ ነው። ዕድሜ ማራዘሙ አልተረጋገጠም።

ኮሌራን በተመለከተ ነገሩ ሜችኒኮፍ ወደ ጀመረበት ተመልሷል። በ2014 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ከኮሌራ በማገገም ላይ በነበሩ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሩሚኖኮከስ ኦቤየም የተባለው የአንጀት ነዋሪ የኮሌራን ባክቴሪያ ሥርጭት የሚያግድ ምልክት እንደሚያመነጭ በአይጦች ላይ አረጋገጠ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወተትን በማርጋት የታወቀው ላክቶኮከስ ላክቲስ በአይጥ ግልገሎች ላይ የኮሌራን ባክቴሪያ ሲያዳክመው ታየ። ያዳከመውም በሚሠራው ላክቲክ አሲድ ነበር። በሰው ላይ ገና በመድኃኒትነት አልጸደቀም። የሜችኒኮፍ አመድ በፓስተር ኢንስቲቱት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።